ከአሮጌ ካናቴራ የሚጎነጎን ምንጣፍ

ሰላም እህቴ። «ኮንዶሚኒየም ገባን፣ ሴራሚኩ እግር ያቀዘቅዛል፣ የሱቅ ምንጣፍ ዋጋው የሚቀመስ አልሆነም፤ ያለ ስፌት መኪና፣ በትንሽ ብር በእጄ የምሠራው አለ ወይ?» ብለሻል። አለ።

መጀመሪያ ግን የሱፍ ክር ገዝተሽ በኪሮሽ ሥሪ የሚሉሽን አትስሚ። ኪሮሽ እኔም እወዳለሁ፤ ለምንጣፍ ግን ክር ይበላል። የክሩን ሂሳብ ስትደምሪው ከሱቁ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ገበያ ላይ የሚበዛው ሰው ሠራሽ ክር (አክሪሊክ) ደግሞ ሲረገጥ ቶሎ ይተኛል። የበግ ፀጉር ቢሆን ሌላ ነበር፤ የመንዝ ባና ያየ ያውቀዋል።

የኔ ምርጫ የአሮጌ ካናቴራ ጉንጉን ነው። የጥጥ ካናቴራ ሲቆረጥ አይተረተርም። ሳብ ስታደርጊው ጠርዙ በራሱ ይጠቀለላል፣ ስለዚህ መዘምዘም የለም። አንሶላም ይሆናል፤ እሱ ግን ስለሚተረተር ጠርዙን ወደ ውስጥ እያጠፍሽ ነው የምትጎነጉኚው። ጂንስ ተዪው፣ ወፍራም ስለሆነ ለመጎንጎን ያስቸግራል። ጋቢ ቅደጂ የሚሉም አሉ። ያረጀ ጋቢ እኮ ገና ስንት ሰው ያሞቃል!

ለ90 በ60 ሳንቲሜትር ሞላላ ምንጣፍ ከ10 እስከ 15 የአዋቂ ካናቴራ ያዥ። ቤት ያለው ካልበቃ ዘመድ ጠይቂ። የሰፈር ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ አይነፍግሽም። ሰልባጅ የሚሸጡትም የተቀደደውንና እድፍ የያዘውን በርካሽ ይለቁልሻል። ቀዩንና ጥቁሩን ለብቻ እጠቢ፣ ከዚያ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሺው። ቀለሙ ከወጣ ከነጭ ጋር አታቀላቅዪው።

ከብብት በታች ያለውን ክፍል ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ስፋት እየዞርሽ ሳትበጥሺ ቁረጪ፤ ከአንድ ካናቴራ አንድ ረጅም ቅዳጅ ይወጣል። ስታቀጣጥዪ ቋጠሮ አታድርጊ፣ እግር ይቆረቁራል። የሚቀጠሉትን የሁለቱን ቅዳጆች ጫፍ በመቀስ ትንሽ ብሺው። የአዲሱን ጫፍ በአሮጌው ቀዳዳ አሳልፊ፤ ከዚያ የአዲሱን ሌላኛውን ጫፍ በራሱ ቀዳዳ አስገብተሽ ሳቢው። የምትጎነጉኚው ሦስት ቅዳጅ ይዘሽ እንደ ፀጉር ነው። ሦስቱን ቅዳጆች እኩል ርዝመት አታድርጊያቸው፤ ቅጥያዎቹ አንድ ቦታ ላይ ከወደቁ ጉንጉኑ እዚያ ጋ ይወፍራል።

ሞላላ ሲሠራ ብዙ ሰው የሚቸገረው መሃሉን በምን ያህል እንደሚጀምር ነው። ከምትፈልጊው ርዝመት ወርዱን ቀንሺ። ለ90 በ60 ምንጣፍ መሃሉ 30 ሳንቲሜትር ቀጥ ያለ ጉንጉን ነው፤ ከዚያ እሱን መዞር ነው።

አሁን ዋናው ነገር። እናትሽ ወይም አክስትሽ የመሶብ ስፌት የሚያውቁ ከሆነ ይህን ሥራ ግማሹን ያውቁታል። መሶብም ሰፌድም ከመሃል ተነስቶ እየዞረ፣ አዲሱ ዙር ካለፈው ዙር ጋር እየተሰፋ ነው የሚያድገው። ልዩነቱ አንድ ነው። በመሶብ ሥራ ዙሩን ስታጠብቂው ግድግዳው ይነሳል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። ምንጣፍ ላይ ግን ያው ማጥበቅ ጠላትሽ ነው። ክሩን ሳብ ባደረግሽ ቁጥር ዳር ዳሩ ወደ ላይ ይነሳና መሬት አይይዝም። ስለዚህ ጭንሽ ላይ አድርገሽ አትስፊ። ጠረጴዛ ወይም ወለል ላይ ዘርግተሽ ስፊ። መታጠፊያው ላይ ጉንጉኑን አላላ አድርገሽ አስቀምጪው። ቀጥ ያለው ላይ እንዳለ ይሂድ። ዳሩ መሞገድ ከጀመረ ደግሞ አብዝተሽ አላልተሻል ማለት ነው፤ ያንን ዙር ፍቺና ድገሚው። በውሃና በካውያ ይስተካከላል ብለሽ አትለፊው፣ አይስተካከልም።

ክሩ ናይለን ይሁን፣ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት። መርፌው የጆንያ መስፊያ። ጨርቁን አትውጊው፤ በጉንጉኑ ጎን ባሉት ዓይኖች መሃል እያሳለፍሽ አያይዢ። እንዲህ ሲሆን ክሩ አይታይም፣ በሁለቱም ፊት ይነጠፋል።

ፀጉራም ምንጣፍ ካማረሽ የቡና ጆንያ ላይ አጫጭር ቅዳጅ እየሰካሽ መሥራት ይቻላል። ያገለገለ ጆንያ መርካቶ ምናለሽ ተራ አይጠፋም። ያምራል፣ አልክድም። ግን አቧራ ይይዛል፣ ሲረጥብ ደግሞ አንድ ሰው አያነሳውም። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ባይሞከር ይሻላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርማ ማን ያጥበዋል? ጉንጉኑም ቢሆን ክረምት ላይ ቶሎ አይደርቅም፤ ከሐምሌ በፊት እጠቢው ወይም መስከረምን ጠብቂ። ስታሰጪው በአንድ ጫፍ አታንጠልጥዪው፣ ይለጠጣል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጊው።

ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል። ብስክሌት ከሚጠግኑት ጋ ያረጀ የውስጥ ጎማ ለምኚና በቀጭኑ ቆርጠሽ ከሥሩ ስፊበት። በተለይ ትልቅ ሰው ወይም ነፍሰ ጡር ቤት ካለች ይህን አትዝለዪው። በር አጠገብ ልታነጥፊው ካሰብሽም ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት መጎንጎን ሳትጀምሪ ለኪ። ጉንጉኑ ከሱቅ ምንጣፍ ይወፍራል፣ በሩ ሊይዘው ይችላል።