ወንጪን በሩጫ ልትዞሩ ላሰባችሁ ልጆች

ልጆች፣ አንዳንዶቻችሁ ወንጪ ሄዳችሁ ሐይቁን በሩጫ ልትዞሩ መሆኑን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ሐዋሳ ላይ ዕድሜዬን በፊዚዮቴራፒ ሙያ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ የሯጭ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ብዙ አይቻለሁ። ከመነሳታችሁ በፊት የማውቀውን ልንገራችሁ።

ሐይቅ መዞር ደርሶ መልስ ከመሮጥ ይለያል። ደርሶ መልስ ከሆነ ሲደክማችሁ ዞር ብላችሁ በመጣችሁበት ትመለሳላችሁ። ሐይቅ ስትዞሩ ግን ግማሹ ላይ ከደረሳችሁ መመለሱም መቀጠሉም ያው ነው። አቋራጭ የለም፤ መሀሉ ውሃ ነው። ዓይንም ያታልላል። የሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ ቆማችሁ ማዶ ያለውን ተራራ ስታዩት ቅርብ ይመስላል አይደል? የእኛ ሐይቅ ስፋት ግን ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ወንጪ ከዚህ በጣም ያንሳል፤ ሆኖም በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ስለሆነ ዙሪያው ዳገትና ቁልቁለት ነው።

ስለዚህ ውሳኔው ግማሽ ሳትደርሱ ይለቅ። ሲሶውን እንደሄዳችሁ ቁሙና ተጠያየቁ። ሳትቆራርጥ ማውራት ትችላለህ? እግርሽን የሚያምሽ ቦታ አለ? ውሃ ቀርቷል? ስንት ሰዓት ሆነ? ከመሀላችሁ አንዱ «እንጃ» ካለ ሁላችሁም ተመለሱ። እሱን ብቻውን አትመልሱት። ከምነግራችሁ ሁሉ ይህን ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል። ጉዳት ደርሶባቸው ወደ እኔ ከመጡ ወጣቶች ብዙዎቹ ሕመሙን ቀደም ብለው አውቀውት ነበር፤ ጓደኞቻቸው ፊት መናገሩ ነው የከበዳቸው።

ስለ ከፍታውም አስቡበት። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወንጪ ሐይቁ ራሱ ወደ 2,900 ሜትር ይጠጋል፤ የተራራው ጫፍ ደግሞ 3,386 ሜትር ነው። እዚያ አናት ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ትንፋሽ ሲያጥራችሁ «አቅም የለኝም» ብላችሁ አትሸማቀቁ። ዳገቱን እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ በእርምጃ ውጡት። ጎበዝ የተራራ ሯጮችም እንደዚያው ያደርጋሉ። ራስ ምታቱ ከበረታና ማስመለስ ከመጣ ግን ሩጫው አበቃ፤ ወደ ታች ውረዱ።

ብርዱም አለ። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር በየአንድ ሺህ ሜትሩ አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የሐዋሳን ሙቀት ለምዳችሁ በአንድ ቲሸርት ብትወጡ፣ ላቡና ነፋሱ ሲገናኙ ትንቀጠቀጣላችሁ። ቀለል ያለ የዝናብ ጃኬትና በፌስታል የተጠቀለለ ደረቅ ሹራብ ያዙ። በሶም አትርሱ፤ ከተራባችሁ በኋላ ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ቅመሱ።

ልምምዱን እዚሁ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ላይ ጀምሩት። ሁላችሁም መውጣቱን ነው የምትፎካከሩበት፤ እኔን የሚያሳስበኝ መውረዱ ነው። ቁልቁል ስትሮጡ የጭናችሁ የፊት ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። ካልለመደ በማግስቱና በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ያቅታችኋል። ደግነቱ ቶሎ ይማራል። ከጉዞው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብላችሁ አጭር ቁልቁለት ደጋግማችሁ ውረዱ። እርምጃችሁ አጭርና ፈጣን ይሁን፤ ተረከዛችሁን አርቃችሁ አትወርውሩ። የጫማችሁን ማሰሪያ እስከ መጨረሻው ቀዳዳ አስገብታችሁ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርጉት። እግር ጫማው ውስጥ ወደ ፊት ሲንሸራተት ነው የአውራ ጣት ጥፍር የሚጠቁረው።

በሐይቃችን ዳር በማለዳ ለምትሮጡም አንድ ነገር አለኝ። ሳይነጋ ሣሩ ውስጥ አትግቡ። ጉማሬ ሌሊቱን ወጥቶ ሲግጥ ያድራል፤ ወደ ውሃው ሲመለስ መንገዱ ላይ መገኘት አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ቁርጭምጭሚት ልምጣ። ወለምታ የሚመጣው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ድካም ሲገባና ዓይን ከድንጋዩ ላይ ሲነሳ ነው። እግር ወደ ውስጥ ይታጠፍና በውጭ በኩል ያለው ጅማት ይለጠጣል። ከዛሬ ጀምራችሁ ጥርሳችሁን ስትቦርሹ በአንድ እግር ቁሙ። ሲቀልላችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሞክሩት። ቁርጭምጭሚቱ ሚዛን መጠበቅን የሚለምደው እንዲህ ነው።

ከተጎዳችሁ ደግሞ ተነስታችሁ አራት እርምጃ ሞክሩ። አራቱን መራመድ ካልቻላችሁ፣ ወይም ከቁርጭምጭሚቱ ጉብታ ጀርባ አጥንቱ ሲነካ ካመማችሁ፣ ራጅ ያስፈልጋል። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ስብራት አለመኖሩ ሳይታወቅ ማንም አይሽው፣ አይጎትተው። በፋሻ እሰሩት፣ ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ አድርጋችሁ ያዙበት፣ ከፍ አድርጉት። ወንጪ ላይ የአካባቢው ሰዎች ፈረስ ያከራያሉ። የተጎዳው ልጅ በጓደኛ ትከሻ እያነከሰ ዳገቱን ከሚወጣ በፈረስ ይውጣ። ለዚህ የሚሆን ጥሬ ብር በኪሳችሁ ያዙ፤ ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ ታገኛላችሁ ብላችሁ በስልክ ክፍያ ብቻ አትተማመኑ።