ሰባት ሰዓት ተኝቼ ለምን ደክሞኝ እነሳለሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት አይሱዙ የምነዳ የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ማታ 4 ሰዓት እተኛለሁ፣ ሌሊት 11 ሰዓት እነሳለሁ፤ ድካሜ ግን አይወጣልኝም። 8 ሰዓት ላይ ልቤ ድው ድው እያለ እባንናለሁ፣ ከዚያ በኋላ መገላበጥ ነው። አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ደብረ ሲና ቡና እጠጣለሁ፤ ቤት ስገባ ደግሞ ሁለት መለኪያ አረቄ ካልቀመስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጓደኞቼ «ነርቭ ነው፣ ጠበል ግባ» ይሉኛል። እውነት ነርቭ እንዲህ ያደርጋል?

መልስ፦ ያደርጋል። ጠበሉን አልከለክልህም፤ ግን እኛ አገር «ነርቭ» ሲባል ሁሉም በሽታ ይመስለዋል። ያንተ ነርቭ ታመመ ማለት አይደለም፣ ሥራ አልፈታም እንጂ።

ሳታዘው የሚሠራ የነርቭ ሥርዓት አለህ። አንዱ ክፍሉ፣ ሲምፓቴቲክ የሚባለው፣ ያነቃሃል፤ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ውስጥ ድንገት የከባድ መኪና መብራት ፊትህ ድቅን ሲል ልብህን የሚያስመታው፣ መዳፍህን በላብ የሚያርሰው እሱ ነው። ሌላው፣ ፓራሲምፓቴቲክ፣ ያረጋጋል። ከአንጎል ወደ ልብ በሚወርደው፣ ቬገስ በሚባለው ነርቭ በኩል የልብ ምትህን ዝቅ ያደርጋል። ጥልቅ እንቅልፍ ላይ የሚበረታው ይሄኛው ነው። የመጀመሪያው በርትቶ ካደረ ግን ዓይንህ ቢከደንም እንቅልፍህ አይጠልቅም፣ ኮሽ ባለ ቁጥር ትነቃለህ። ሰባት ሰዓት መቁጠሩ ያኔ ብዙ አይረባም።

እኔ የምጠረጥረው አረቄውን ነው (የደብረ ብርሃን ሰው አይቀየመኝ)። ቶሎ ያስተኛሃል፣ አልክድም። አልኮሉ ከደምህ እየወጣ ሲሄድ ግን ታፍኖ የቆየው የሚያነቃው ክፍል ይነሳል፤ ልብ ይመታል፣ የሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራረጣል። የ8 ሰዓቱ መባነን ከዚህ ጋር ይገጥማል። ቡናውም አለበት፤ ብዙ ሰው ላይ ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከምሳ በኋላ ተወው።

ጣርማ በር በፍሬን ብቻ እንደማይወረድ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ገና ከላይ ማርሽ ትቀንሳለህ። ማታም እንደዚያው አድርግ፦ ከመተኛትህ አንድ ሰዓት በፊት የጭነትና የብድር ስልክ ይዘጋ። እናቶቻችን እንደሚያደርጉት እግርህን በሙቅ ውሃ ታጠብ፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ብርዱን ታውቀዋለህ፣ እግር ሲሞቅ ደግሞ የደም ሥሩ ይከፈትና የውስጥ ሙቀት ይወርዳል፣ እንቅልፍም ይቀላል። ከዚያ ቀስ ብለህ ተንፍስ፣ ወደ ውጭ የምታወጣው ረዘም ይበል፤ ስታወጣ የልብ ምት ይቀንሳል። አረቄውን በየቀኑ በብዛት የምትጠጣ ከሆነ ግን በአንዴ አትቁረጥ፣ ሐኪም አማክር።

አንድ ነገር ባለቤትህን ጠይቃት፦ ስታንኮራፋ ትንፋሽህ ቆም ይላል? ካለች ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል ሂድ። ትንፋሽ በቆመ ቁጥር ያ የሚያነቃው ነርቭ ይቀሰቀሳል፣ ቀን መሪ ላይ የሚያንቀላፋህም እሱ ሊሆን ይችላል። እስከዚያው እንቅልፍ ከተጫነህ መኪናውን ዳር አቁመህ 20 ደቂቃ ተኛ። ለረዳትህ ግን መሪ እንዳትሰጥ።