ታናሽ እህቴ ለሥራ ርቃ ልትሄድ ነው፤ እንዴት ላስቀራት?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የ36 ዓመት ሴት ናት። እናታቸው ስታርፍ ታናሽ እህቷ ገና 9 ዓመቷ ነበር። እሷው አሳድጋ፣ ከፍላ፣ በነርሲንግ አስመርቃታለች። ልጅቷ አሁን 23 ዓመቷ ነው፤ ከተመረቀች 8 ወር ሆኗታል። የሙያ ፈቃዷን ይዛ በቅርብ ያሉትን ሆስፒታሎች በሙሉ አዳርሳለች፤ ሁሉም የሁለት ዓመት ልምድ አምጪ ይሏታል። በመጨረሻ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ የሚገኝ አነስተኛ ሆስፒታል ያለ ልምድ ሊቀጥራት ተስማማ። ሥራ ልትጀምር ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ጠያቂያችን እንዲህ ትላለች፦ "ትንሽ ብትታገስ እዚሁ ታገኛለች። ሰው በማታውቅበት አገር ብቻዋን፣ ያውም የሌሊት ፈረቃ! ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ ምን እንደሚከብዳት አውቃለሁ። እንዴት ብዬ ላስቀራት?"

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። "ትሂድ ወይስ ትቅር?" ብለሽ አልጠየቅሽኝም። "እንዴት ላስቀራት?" ነው ያልሽው። ወስነሽ ጨርሰሽ ነው የጻፍሽልኝ።

ደብዳቤው ደግሞ ረጅም ነው። የእህትሽ ባሕርይ አለበት፣ ጤናዋ፣ እንቅልፏ፣ ሰው የምታምንበት የዋህነቷ። ስለ አንቺ ግን ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "እኔማ ትዳሩንም ነገሩንም ትቼው ነው"። ይህን ብለሽ ቶሎ ወደ እሷ ትመለሻለሽ። እኔ እዚያች መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሌላም በመሐል ጣል አድርገሽ ያለፍሽው ነገር አለ። ነጩን ጋዎኗን እሑድ እሑድ ትተኩሺዋለሽ። በር ጀርባ ተሰቅሎ የሚውል፣ ማንም ያልለበሰው ጋዎን፣ 8 ወር ሙሉ። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። ያንን ልብስ ለብሳ ልታዪያት ከማንም በላይ የጓጓሽው አንቺ ነሽ። ልትለብሰው ስትል ደግሞ እጇን ያዝሽው። ይህ የክፉ ሰው ሥራ አይደለም። የሚፈራ ሰው ሥራ ነው።

ሥራውን በተመለከተ እቅጩን ልንገርሽ፣ ልጅቷ ልክ ናት ብዬ አምናለሁ። ነርስነት በእጅ የሚያዝ ሙያ ነው። የልብና የሳንባ ማነቃቂያ፣ ማለትም ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን እየተጫኑ የማዳን ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች እንኳ ካልደጋገሙት በወራት ውስጥ እጃቸው እንደሚዶለድም በጥናት ታይቷል። ፓትሪሺያ ቤነር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በ1984 የነርሶችን ዕድገት በአምስት ደረጃ ከፍላ አሳይታለች። እሷ እንደምትለው አንዲት ነርስ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደርሳ ሥራዋን በራሷ መምራት የምትጀምረው ተመሳሳይ ሥራ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ከቆየች በኋላ ነው። እህትሽ ቤት ተቀምጣ የምትጠብቀው ጊዜ ከዚህ ውስጥ አንድ ቀን አይቆጠርላትም። ልምድ አምጪ የሚሏት ሆስፒታሎች ከርመውም ያንኑ ነው የሚሏት።

ፍርሃትሽ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ማርሊን ክሬመር የተባለች ተመራማሪ በ1974 አዲስ ነርሶች ሥራ ሲጀምሩ የሚደርስባቸውን ድንጋጤ በስፋት ጽፋለች። እህትሽ ተማሪ ሳለች አስተማሪ አጠገቧ ቆሞ አንድ ታካሚ ነበር የምትይዘው። ሥራ ላይ የአንዱ መድኃኒት ሰዓቱ ደርሷል፣ የሌላው ጉሉኮስ አልቋል፣ የሦስተኛው ቤተሰብ ኮሪደር ላይ እየተጣራ ነው። ታለቅሳለች፣ እርግጠኛ ነኝ። እዚያው ሰፈርሽ ብትቀጠርም ታለቅሳለች።

እንድትይዥልኝ የምፈልገው ግን ይህን ነው። ኢቫን ቦሶርሜኒ-ናጅ የሚባል ትውልደ ሃንጋሪ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበር፣ የቤተሰብ ሕክምናን ከመሠረቱት አንዱ። በየቤተሰቡ ውስጥ የማይታይ የሂሳብ መዝገብ አለ ይላል። ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ ማን ዕዳ አለበት። አንቺ 14 ዓመት ሰጥተሻል። ስትሰጪ ዋጋ አልጠራሽም፣ ያሰብሽም አይመስለኝም። "ልሄድ ነው" ያለችሽ ቀን ግን መዝገቡ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። "ያሳደግኳት እኔ ነኝ" ያልሽው እኮ ለእኔ ብቻ አይደለም፣ እሷም ሰምታዋለች። በአፍሽ ባትናገሪውም ሰምታዋለች። እንደ እሷ ያደጉ ልጆች ውለታውን ከአሳዳጊያቸው በላይ ይቆጥሩታል።

እንግዲህ አንቺን አስከፍታ ሄደች እንበል። የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ። አንድ ሌሊት መድኃኒት ልትሰጥ ስትል መጠኑን ተሳስታ ለጥቂት ተረፈች። ጠዋት ከፈረቃ ወጥታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። ለማን ትደውላለች? ላንቺ መደወል አትችልም። ከደወለች፣ ከበደኝ ካለች፣ አንቺ ልክ ነበርሽ ማለት ይሆንባታል። ስለዚህ ማታ ስትደውይላት "ደህና ነኝ፣ ሁሉም ጥሩ ነው" ትልሻለች። እንዲህ "ደህና ነኝ" ሲሉ ከርመው ከዓመት በኋላ እኔ ጋ የመጡ ልጆች አውቃለሁ። መጀመሪያ የሚነግሩኝ ስለ ሥራው ክብደት አይደለም፣ የሚነግሩት ሰው ስላጡበት ጊዜ ነው።

ብቻዋን እንዳትሆን ፈርተሽ አይደል የያዝሻት? ብቻዋን የሚያደርጋት መንገዱ አይደለም። ተኮራርፋችሁ ከተለያያችሁ ነው ብቻዋን የምትቀረው። ወደሽ ከሸኘሻት ግን ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ እያለቀሰች ልትደውልልሽ ትችላለች፣ "ልመለስ ይሆን?" ብላ ልትጠይቅሽ ትችላለች፣ ከዕለታት አንድ ቀን በእርግጥ ብትመለስም ያለ ኀፍረት ነው የምትመለሰው።

በተረፈ፣ ምን ላድርግ ካልሽኝ ብዙ የለኝም። አንድ ማታ ጋዎኑን፣ ሆስፒታሉን፣ ርቀቱን ሁሉ ተዪና ስለ ራስሽ ንገሪያት። "ስትሄጂ ይጨንቀኛል፣ ያለ አንቺ እንዴት እንደምኖር አላውቅም" በያት። ይህን ማለት እሷን ማሰር እንዳይመስልሽ። የሚያስረው "ትንሽ ብትታገሺ ይሻላል" የሚለው ነው፣ ምክር መስሎ ስለሚመጣ መልስ የለውማ። ፍርሃትሽን ግን እንደ ፍርሃት ብትሰማው ታቅፍሽ ይሆናል። ዝምም ልትል ትችላለች፣ አትቸኩዪባት።

ልትረጃት ከፈለግሽ ደግሞ ከመሄዷ በፊት ደውላ ሆስፒታሉን እንድትጠይቅ አግዣት፦ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ነባር ነርስ አብሯት ይሠራል ወይ? ሌሊት ብቻዋን ትመደባለች ወይ? ስንት ታካሚ ይሰጣታል? ማደሪያስ? መልሱ "ከመጀመሪያው ቀን ብቻሽን ነሽ" ከሆነ እኔም ሌላ ቦታ ብትፈልግ ይሻላል እላለሁ። ያኔ የሚያስቀራት በቂ ምክንያት ይሆናል፣ ግን ምክንያቱን ራሷ ደርሳ ታግኘው።

ላንቺ አንድ ነገር ልለምንሽ። እሷ ከሄደች በኋላ ባሉት ወራት የምክር ባለሙያ ፈልገሽ በአካል አግኚ። ስለ እሷ ለማውራት አይደለም። ከ22 ዓመትሽ ጀምሮ እናት ሆነሽ ኖረሻል፣ "ትዳሩንም ነገሩንም" ባልሽው ውስጥ ያለውን ነገር እስከ ዛሬ ማንም የጠየቀሽ አይመስለኝም። በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም፣ አንድ ሁለት ጊዜ ሄደሽም አያልቅም። ታግሰሽ ተመላለሺ።