«ሁሉንም ያደረግሁት ለአንተ ነው»

ውድ ጠያቂያችን፣

የደብዳቤዎ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። ባለቤትዎ ኒውዮርክ ከተማ፣ አስቶሪያ ሰፈር ተወልዶ ያደገ የግሪክ ተወላጅ ነው። አባቱ እ.ኤ.አ. በ1971 ገና በሃያ ዓመታቸው ከግሪክ ገጠር መጥተው በሳህን አጣቢነት ጀመሩ፤ ቆይተውም ከአጎታቸው ልጅ ጋር ዳይነር (አነስተኛ ምግብ ቤት) ከፍተው፣ ያለ ዕረፍት ሲሠሩ ኖሩ። አምና ድርሻቸውን ሸጠው ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየማለዳው ቤታችሁ እየመጡ የተበላሸውንም ያልተበላሸውንም ይጠግናሉ። ባለቤትዎ «በልጅነቴ ያላየሁት አባት አሁን ምን ሊያደርግልኝ ነው?» ሲል፣ እሳቸው «ሁሉንም ያደረግሁት ለአንተ ነው» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አይነጋገሩም። እርስዎም እንዴት እንደሚያስታርቋቸው ጠይቀዋል።

በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፉት አንድ ነገር አለ። እርስዎ አዲስ አበባ ላሉት ወላጆችዎ ገንዘብ ሲልኩ አማትዎ አይተው፣ እሳቸውም አሜሪካ የመጡት ሁለት እህቶቻቸውን ለመዳር እንደነበረ አጫውተዎታል፤ ባለቤትዎ ግን ይህን ከአባቱ ሰምቶ አያውቅም። የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን በግሪክ ገጠር ሴት ልጅ ስትዳር ቤት፣ መሬት ወይም ገንዘብ ይዛ እንድትሄድ ይጠበቅ ነበር፤ ይህን የማሟላቱ ሸክም በአባትና በወንድም ላይ ስለሚወድቅ፣ እህቶቹን ሳይድር ማግባት እንደ ነውር የሚታይበት ወንድም ብዙ ነበር። የግሪክ ሕግ ይህን ልማድ የሻረው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። እ.ኤ.አ. የ1965ቱ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተውን ኮታ ካስቀረ በኋላ ወደ አስቶሪያ ከመጡት ግሪኮች መካከል እንዲህ ያለ አደራ የተሸከሙ ጥቂቶች አልነበሩም።

እንግዲህ አማትዎ ያለ ዕረፍት መሥራትን የለመዱት ልጃቸው ከመወለዱ በፊት ነው። እህቶቻቸው ከተዳሩ በኋላም ልማዱ አልለቀቃቸውም፤ ምክንያቱ ብቻ ተቀየረና «ለልጄ» ተባለ። ዓረፍተ ነገሩ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ሙሉውን እውነት አይናገርም፤ በልጁም ላይ ያልተበደረውን ዕዳ ይጭናል። አባቱን ናፍቆ ያደገ ልጅ ናፍቆቱን ሲናገር «ውለታ ቢስ» የሚያሰኘው ከሆነ፣ የሚቀረው ዝምታ ወይም ቁጣ ነው። ስለዚህ እርስዎም «እኮ ለአንተ ሲሉ ነው የደከሙት» ብለው ባለቤትዎን ለማጽናናት አይሞክሩ፤ ይህ አፉን ከመዝጋት ሌላ ጥቅም የለውም።

የእህቶቻቸውን ታሪክ እርስዎ አያድርሱለት፤ ከአባቱ አንደበት ይስማው። የግሪኮችና የእኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ስለሚውል መልካም አጋጣሚ አላችሁ፤ ግሪኮች በዕለቱ ሙሉ በግ በእንጨት ወይም በብረት ሰክተው በፍም ላይ ሲያዞሩ ሰዓታት ይፈጃል። እጃቸው ሥራ ይዞ፣ ዓይን ለዓይን ሳይፋጠጡ ጎን ለጎን የቆሙ ወንዶች በጠረጴዛ ዙሪያ የማያወጡትን ያወጣሉ። ባለቤትዎ ባለበት «እህቶችዎን እንዴት እንደዳሩ ይንገሩን» ብለው ይጠይቋቸውና ዝም ይበሉ። ምናልባት ባለቤትዎ «ለምን እስከ ዛሬ ደበቅኸኝ?» ብሎ ይብስ ይናደድ ይሆናል፤ ለማብረድ አይጣደፉ፤ ያ ቁጣ ከዝምታው ይሻላል።

ስለ ማለዳው ጉብኝት ደግሞ፣ ዕድሜ ልኩን ሲፈለግ የኖረ ሰው ከሥራ ሲወጣ የሚፈልገው ሰው ማጣቱ ያስፈራዋል። እንቅልፍና ምግብ ካስጠላቸው፣ ወይም ይወዱት የነበረውን ሁሉ ከተዉ፣ የድብርት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያቸው። ከዚያ ውጪ፣ በየትኞቹ ቀናት እንደሚመጡና ምን እንደሚሠሩ ባለቤትዎ ራሱ ከአባቱ ጋር ይስማማ። ያን ንግግር እርስዎ በምንም ምክንያት አይጀምሩለት።