መጀመሪያ አንባቢ፣ ኋላ ማተሚያ ቤት

መሐል ሜዳ እናቴ ቤት፣ ከገብሱ ጎተራ አጠገብ፣ 23 ካርቶን ተደርድሮ ነበር። ውስጡ ያለው የእኔ ልብ ወለድ ነው። ቶሮንቶ ሆኜ ጻፍኩት፣ አዲስ አበባ 2,000 ቅጂ ታተመ። ማስቀመጫ ስላልነበረን ወንድሜ አይሱዙ ላይ ጫነው፤ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ታጥፎ እናቴ ቤት አራገፈው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስመጣ የታችኞቹን ካርቶኖች እርጥበት በልቷቸዋል። አንዱን ከፈትኩ። ገጹ ከገጽ ጋር ተጣብቋል፣ ጠርዙን አይጥ ቀርጥፎታል። እናቴ ግን በየሳምንቱ አቧራውን ስትጠርግ ከርማለች። ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ልጄ የጻፈችው ነው" እያለች ታሳይ ነበር።

ከ16 ዓመት የውጭ ኑሮ በኋላ ዛሬ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ከአሜሪካም፣ ከጀርመንም፣ ከአረብ አገርም ወገኖቼ ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ "ልብ ወለድ ጽፌ ጨርሻለሁ፣ ማሳተሚያው ስንት ይፈጃል?" እኔም መልሼ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ከእናንተ ሌላ ማን አንብቦታል? ብዙውን ጊዜ ስልኩ ለአፍታ ዝም ይላል።

እኔም ያጠፋሁት እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያውን መጽሐፌን ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ያነበበው ሰው አልነበረም። ሁለተኛውን ስጽፍ ግን ክረምቱን መንዝ አሳለፍኩ። የእናቴ ወንድም ገበሬ ነው፣ ልጅ ሆኖ ዲቁና ተምሯል፣ ማንበብ ይወዳል። ዓይኑ ስለደከመ ማታ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብዬ አነብለት ጀመር። እሱ ባናውን ተከናንቦ ያዳምጣል።

አንድ ቦታ ላይ ሽማግሌው ገጸ ባሕሪዬ ጤፍ ያበራያል። "እስኪ ቆዪ" አለኝ አጎቴ። "ይሄ ሰውዬ ቤቱ የት ነው?"

"ጓሳ አፋፍ ላይ ነው ጋሼ።"

"ታዲያ ጤፉን ከየት አመጣው?"

መልስ አጣሁ። ያ አገር ውርጭ ነው። ገብስ ነው፣ ባቄላ ነው፣ ምስር ነው። እዚያው ተወልጄ፣ ገብስ ስበላ አድጌ፣ ይህን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ግን ቶሮንቶ 16 ዓመት የጤፍ እንጀራ ሳሳድድ ኖሬ፣ አገሬ በሐሳቤ ውስጥ አንድ ወጥ ሆናለች። ደጋውና ቆላው ተቀላቅሏል። ይህ በሁላችንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ናፍቆት ዝርዝሩን ያደበዝዘዋል፤ ልብ ወለድ ደግሞ የሚኖረው በዝርዝሩ ነው።

ሌላ ማታ አንዱ ልጅ አባቱን "አባዬ፣ ይቅርታ፣ ማውራት እንችላለን?" የሚልበት ቦታ ደረስኩ። ጋሼ ሳቀ። "እንዲህ ብሎ አባቱን የሚያናግር የማን ልጅ ነው?" አለኝ። እውነቱን ነው። ቃሉ አማርኛ ነው፣ አነጋገሩ ግን የፊልም እንግሊዝኛ ነው። የመንዝ ልጅ "አባባ፣ አንድ ነገር ላናግርዎ ነበር" ይላል፤ ወይም ምንም ሳይል በር ላይ ይቆማል። ያን ምዕራፍ በሙሉ እንደገና ጻፍኩት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ገንዘብ አያስወጣም። የእናንተን ጋሼ ፈልጉ። አገር ቤት ያለ፣ የምትጽፉበትን አካባቢ የሚያውቅ፣ የማያፍራችሁ ሰው ይሁን። በአካል ባትገናኙ አሥር አሥር ደቂቃ በድምፅ እየቀዳችሁ በቴሌግራም ላኩለት። "ወደድከው ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። "የቱ ጋ ሰለቸህ? የቱ ጋ አላመንከኝም?" በሉት።

ከዚያ አርታኢ። እኛ አገር አርትዖት ሲባል ብዙ ሰው ፊደል ለቀማ ይመስለዋል። ፊደል ለቀማ የመጨረሻው ሥራ ነው። እውነተኛ አርታኢ "ይህ ምዕራፍ አያስፈልግም፣ ይህች ሴት ለምን ሄደች?" ብሎ ይሞግታል። ለማተሚያ ካሰባችሁት ገንዘብ ላይ ቀንሳችሁ ለእሱ ክፈሉ። በምትኖሩበት ከተማም ነጻ እርዳታ ይኖራል። የቶሮንቶ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለምሳሌ ነዋሪ ደራሲ እየመደበ ጀማሪዎች የጻፉትን በነጻ አንብቦ እንዲያማክር ያደርጋል። በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ፕሮግራም ስላላቸው የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ።

"ስደት ላይ ሆኜ እንዴት ለአገሬ ሰው እጽፋለሁ?" ብላችሁ የምትሰጉ አላችሁ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ የታተመው በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ነው። የመርሐቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ልብ ወለድ የጻፉ የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው፤ ያረፉት በ1938 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት ነበር። የእኛ ሥነ ጽሑፍ ከስደት ጋር የቆየ ትውውቅ አለው።

አሁን ወደ ዕድሎቹ ልምጣ። ረጅም ልብ ወለድ ይዛችሁ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ አጭር ልብ ወለድ በደንብ ጨርሱ። አጭር ታሪክ የሚላክበት በር ብዙ ነው፤ ሲመለስባችሁም ያጠፋችሁት የሦስት ዓመት ድካም አይደለም።

የኬን ሽልማት የሚባለው የአፍሪካ አጭር ልብ ወለድ ሽልማት ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በ2021 ያሸነፈችው አዲስ አበባ የተወለደችው ሜሮን ሀደሮ ናት፤ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ። አፍሪካ ውስጥ የተወለደ፣ ወይም ወላጁ አፍሪካዊ የሆነ ሰው ይወዳደራል፤ ስለዚህ እዚያ የተወለዱ ልጆቻችሁንም ይመለከታል። ታሪኩ ከ3,000 እስከ 10,000 ቃላት ሆኖ፣ በእንግሊዝኛ ታትሞ የወጣ መሆን አለበት። ከአማርኛ ተተርጉሞ የታተመም ይገባል። ልብ በሉ፣ የሚያቀርበው አሳታሚው ነው እንጂ ደራሲው አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ መጽሔት ላይ መውጣት ያስፈልጋል።

የኮመንዌልዝ አጭር ልብ ወለድ ሽልማት ደግሞ ሌላ ነው። ኮመንዌልዝ በአብዛኛው እንግሊዝና የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ የተሰባሰቡበት ማኅበር ነው፤ ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች ብዙ ሰው አይመለከተኝም ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን የሚታየው ዜግነት ነው። የካናዳ፣ የእንግሊዝ፣ የአውስትራሊያ፣ የደቡብ አፍሪካ ወይም የኬንያ ዜግነት ያላችሁ መወዳደር ትችላላችሁ። ከ2,000 እስከ 5,000 ቃላት ነው፣ የትም ያልታተመ መሆን አለበት፣ መመዝገቢያ አይከፈልም። አማርኛውን በቀጥታ አይቀበሉም፤ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ ግን ይቀበላሉ። ፓስፖርት ቀይራችሁ ከሆነ ይህችን ዕድል አትዝለሏት። ደንብ ሊቀየር ስለሚችል ከመላካችሁ በፊት የዓመቱን ደንብ ከድረ ገጻቸው አንብቡ።

መጽሔቶቹን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ጽሑፍ የሚቀበሉት ሰብሚተብል በሚባል የኦንላይን ሥርዓት ነው። አንዳንዶቹ ማንበቢያ ብለው ሦስት ዶላር ገደማ ያስከፍላሉ፣ ብዙዎቹ ነጻ ናቸው። አንድን ታሪክ ለብዙ መጽሔት በአንድ ጊዜ መላክ አብዛኞቹ ይፈቅዳሉ፤ አንዱ ከተቀበላችሁ ግን ለሌሎቹ ወዲያው አሳውቁ። መልስ ለወራት ይዘገያል። "አልተቀበልነውም" የሚለው ኢሜይል ደጋግሞ ይመጣል፤ በዚህ ቅስማችሁ አይሰበር፣ ያው ታሪክ ሌላ ቦታ ይወጣል። በአማርኛ ብቻ የምትጽፉ ከሆነ እንግሊዝኛው የሚጥመው ወዳጅ ይዛችሁ አብራችሁ ተርጉሙ። ወርድስ ዊዝአውት ቦርደርስ እና አሲምቶት የሚባሉት መጽሔቶች የተቋቋሙት ለትርጉም ሥራ ነው። ከአማርኛ የሚመጣላቸው ጥቂት ስለሆነ በደንብ የተተረጎመ ታሪክ ጎልቶ ይታያል ብዬ አምናለሁ።

አገር ቤት ደግሞ ትረካ አለ። ሬዲዮ ላይ "ከመጻሕፍት ዓለም"ን እየሰማን ያደግን ሕዝብ ነን። ዛሬ ያ ጆሮ ወደ ዩቲዩብ ሄዷል። ጥሩ ድምፅ ያለው ተራኪ አንድ አጭር ታሪካችሁን ቢያነብላችሁ፣ መጽሐፉ ሳይታተም ስማችሁ ይታወቃል። ፈቃዱን ግን በጽሑፍ ስጡ፤ ለየትኛው ታሪክ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ገቢ ካለ እንዴት እንደምትካፈሉ ይጻፍ።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። እኛ አገር ደራሲ የማተሚያውን ወጪ ራሱ መክፈሉ የተለመደ ነው። ነውርም የለበትም። ውጭ አገር ግን ነገሩ ይገለበጣል። እውነተኛ አሳታሚ ለደራሲው ይከፍላል እንጂ ከደራሲው ገንዘብ አይጠይቅም። መጽሐፉን ለአሳታሚ የሚሸጥላችሁ የሥነ ጽሑፍ ወኪልም መጽሐፉ ሲሸጥ ከደራሲው ገቢ ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ ይወስዳል፣ አስቀድሞ "ለማንበቢያ" ብሎ አያስከፍልም። የእኛ ሰው መክፈል ለምዶ ስለመጣ ወጥመዱ አይሸተውም። "መጽሐፍዎ ተመርጧል፣ 4,000 ዶላር ያስገቡ" ሲባል ደስ ብሎት ያስገባል። ሌሊት አረጋውያን ጠብቃ ያጠራቀመችውን በዚህ መንገድ ያጣች እህት አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ የድርጅቱን ስም ራይተር ቢዌር በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር የሚደግፈው፣ አጭበርባሪ አሳታሚዎችን የሚያጋልጥ ነው።

በራሳችሁ ገንዘብ ማሳተም ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ ላይ፣ ዓይናችሁን ከፍታችሁ አድርጉት። የኅትመት ዋጋ የሚሰላው በፎርም ነው። አንድ ፎርም 16 ገጽ ነው። 200 ገጽ አሥራ ሁለት ፎርም ተኩል ይሆናል፤ ስምንት ገጽ ብታሳጥሩ 192 ገጽ፣ ልክ 12 ፎርም። ለመጀመሪያ ጊዜ 2,000 አታሳትሙ። 200 ወይም 300 በዲጂታል አሳትሙ። የአንዱ ዋጋ ይወደዳል፣ እውነት ነው፤ ጎተራ አጠገብ ከሚበሰብስ ግን ይሻላል።

ፋይላችሁን በየኮምፒውተሩ በሚነበበው የፊደል አሠራር፣ በዩኒኮድ፣ ጻፉ። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። አቢሲኒካ የሚባለው ፎንት ነጻ ነው፣ ለመጽሐፍም ያምራል። በስክሪን ያያችሁትን አትመኑ፤ አንድ የታተመ ናሙና ቤተሰብ እጅ ገብቶ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነስቶ ይላክላችሁ። የወረቀቱ ግራም፣ የሽፋኑ ዓይነት፣ ብዛቱና የማስረከቢያው ቀን ውል ላይ ይስፈር። የሚፈራረምላችሁን ሰው በኤምባሲ ውክልና ስጡት።

መለያ ቁጥሩን፣ አይኤስቢኤኑን፣ የሚሰጠው ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው።  የቅጂ መብትን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግልጽ ነው፤ ሥራው ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ምዝገባም ይጠበቃል፣ መብቱም ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ቢሆንም አእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ሄዶ ማስመዝገብ ለክርክር ጊዜ ማስረጃ ይሆናል። በቴሌግራም የሚለቀቀውን ፒዲኤፍ ሙሉ በሙሉ ማስቆም ከባድ ነው፤ ቢያንስ ዋናውን ፋይል በየኢሜይሉ አትበትኑት።

አከፋፋይ ብዙውን ጊዜ "ሲሸጥ እከፍላለሁ" ብሎ ነው የሚወስደው። ደረሰኝ ሳትይዙ አንድም ቅጂ አይውጣ። አንድ አከፋፋይ ከእኔ 150 ቅጂ ወስዶ ስልኩን ዘጋብኝ፤ በእጄ ወረቀት ስላልነበረ የትም መድረስ አልቻልኩም። ለውጭው ገበያ ሻንጣችሁ አለ። 300 ግራም የሚመዝን መጽሐፍ በ23 ኪሎ ሻንጣ ሰባ ያህል ይገባል። በየዓመቱ ሰሜን አሜሪካ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን ስፖርት በዓል ላይ፣ የሰፈር ዕቁብ ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ ባለው ሻይ ላይ ሰባ መጽሐፍ ያልቃል። የዋሽንግተኑ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ናይሮቢ ባለው ቢሮው በኩል ከኢትዮጵያ መጻሕፍት ይሰበስባል፤ ለእነሱ መጻፍ አይከብድም።

ከእርጥበቱ የተረፉትን የመጀመሪያ መጽሐፌን ቅጂዎች መንዝ ውስጥ ላሉ ትምህርት ቤቶች አደልኩ። ሁለተኛውን 300 ብቻ አሳተምኩ፤ በሰባት ወር አለቀ። አንዱ ጋሼ ዘንድ ነው። ባለፈው ስሄድ መነጽሩን ሰክቶ እያነበበው አገኘሁት። ገጽ 88 ላይ በእርሳስ አስምሮበታል። "ሐምሌ ላይ የጓሳ ሣር አሳጭደሻል" አለኝ። "ሣሩ የሚታጨደው በበጋ ነው።" ለሁለተኛው እትም አስተካክየዋለሁ።