ኤሲው ውሃ ያንጠባጥባል፤ ጋዝ ልሙላ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። መኝታ ቤት ያለው ስፕሊት ኤሲያችን ሰሞኑን ውሃ ማንጠባጠብ ጀምሯል። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ነበር፤ አሁን ግድግዳውን ይዞ እየወረደ ቀለሙን አሳብጦታል። ማታ ማታ ሳፋ ደቅኜ ነው የምተኛው። የጠራሁት ባለሙያ ገና ሳይከፍተው «ጋዝ አልቋል፣ እንሙላው» አለኝ። ማቀዝቀዙን ግን አሁንም ያቀዘቅዛል። የውሃው ጎማ በረንዳ ላይ ካለ ጀሪካን ውስጥ ይገባል፤ ውሃውን ለቤት መወልወያ እጠቀምበታለሁ። ምን ላድርግ? (እህታችሁ፣ ከከዚራ)

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ብርሽን ያዢ። ቤቱን እንደ ድሮው እያቀዘቀዘልሽ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጋዙ አይደለም።

ኤሲ ውሃ ማውጣቱ ራሱ ችግር የለውም። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው ሁሉ፣ የክፍሉ አየር በቀዝቃዛው ኢቫፖሬተር (በውስጡ ማሽን ውስጥ ባለው የሚቀዘቅዝ ቧንቧ) ላይ ሲያልፍ እርጥበቱ ውሃ ይሆንና ከሥሩ ባለች ትንሽ መቀበያ ተጠራቅሞ በጎማው ወደ ውጭ ይወርዳል። መውረጃው ሲዘጋበት ነው ሞልቶ ወደ ቤት የሚፈሰው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው ያንን ጀሪካን ነው። ሞልቶ የጎማው ጫፍ ውሃ ውስጥ ከተነከረ፣ ጎማው ውስጥ የታፈነው አየር የሚመጣውን ውሃ ይይዘዋል። ተነክሮ የሚውል ጫፍ ደግሞ ያ የሚያሟልጭ አረንጓዴ ነገር ቶሎ ያበቅላል። ውሃውን መጠቀም አትተዪ፣ ለመወልወልም ለአበባም ይሆናል (ለመጠጥ ግን በፍጹም!)፤ ጫፉን ብቻ ውሃው ከማይደርስበት ቦታ አንጠልጥዪው። ጎማው ከግድግዳው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቁልቁል መውረድ አለበት፤ መሃል ላይ ቀና ካለ ወይም ከታጠፈ እዚያው ላይ ውሃ ያቁራል። ከዚያ ኤሲውን አብርተሽ ጠብቂ። ውስጥ እያንጠባጠበ ውጭ ምንም ካልወረደ ጎማው ወይም መቀበያው ተደፍኗል ማለት ነው፣ ባለሙያው ከፍቶ ያጽዳው።

ሁለተኛው ፊልተሩ ነው። በድሬ አቧራ ፊልተር ለመደፈን ጊዜ አይፈጅበትም። አየር ሲያጥረው ኢቫፖሬተሩ በረዶ ይሠራል፣ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ መቀበያው አይችለውም። ከቆጣሪው አጥፍተሽ፣ የፊቱን ክዳን ከፍተሽ ፊልተሩን አውጪና በውሃ እጠቢው። ጥላ ላይ በደንብ ሳይደርቅ እንዳትመልሺው። በሙቀቱ ወራት በየ15 ቀኑ ብታጥቢው አይበዛም።

ወደ ጋዙ ስንመጣ፣ የኤሲ ጋዝ እንደ ምድጃ ጋዝ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል እንጂ። ቀነሰ ማለት የሆነ ቦታ ያፈተልካል ማለት ነው። እውነት ነው፣ ጋዝ ሲቀንስም በረዶ ይሠራና ውሃ ያንጠባጥባል፤ ግን ያኔ ማቀዝቀዙም አብሮ ይደክማል። ስለዚህ ያ ሰውዬ ድጋሚ ከመጣ በጌጅ (በጋዝ ግፊት መለኪያ) ለክቶ ያሳይሽ። ቀንሶ ከተገኘም ቀዳዳውን ሳይደፍን አይሙላ፤ አለበለዚያ በየጊዜው ስትከፍዪ ትኖሪያለሽ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም ካንጠባጠበ፣ የውስጡ ማሽን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ እንደሆነ በውሃ ልክ ያስለኪው።

ውሃው በሚወርድበት በኩል ሶኬት ካለ ግን ዛሬውኑ ኤሲውንም የሶኬቱንም መስመር ከቆጣሪው አጥፊ። ቀለሙን አሁን አታስነኪው፣ ግድግዳው ሳይደርቅ ቢቀባ ተመልሶ ይላጣል።