ስስቅ አፌን የምሸፍነው እስከ መቼ ነው?

ጥያቄ፦ የ28 ዓመት ሴት ነኝ። ከ3ኛ እስከ 7ኛ ክፍል «ገጣጣዋ» እየተባልኩ ነው የተማርኩት፤ ዘመዶቼ ዛሬም በቀልድ ይጠሩኛል። ስስቅ አፌን በእጄ ወይም በነጠላዬ እሸፍናለሁ። ከ2 ወር በኋላ የምታገባ ጓደኛዬ ሚዜ ሁኚኝ ብላኛለች፤ ፎቶውን ሳስበው እንቅልፍ የለኝም። ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ባሳስር ይለቀኝ ይሆን?
መ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህታችን፣ «የልጅነት ነገር ነው፣ እርሺው» የሚሉሽን አትስሚ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1958 በአንድ ሳምንት የተወለዱ ልጆችን የተከታተለ ጥናት፣ በ7 እና በ11 ዓመታቸው እኩዮቻቸው በተደጋጋሚ ያጠቋቸው በ45 ዓመታቸውም ለድብርትና ለጭንቀት ይበልጥ ተጋልጠው አግኝቷቸዋል።

ስድቡን ዛሬ ድረስ ያቆየው ግን እጅሽ ነው። ሸፍነሽ ስትስቂ ማንም ካልሳቀብሽ፣ አእምሮሽ «የዳንኩት ስለሸፈንኩ ነው» ብሎ ይይዛል። ሳትሸፍኚ የሚሆነውን አይቶ አያውቅም። ወደ አፍ የሚሄድ እጅ ደግሞ የሰው ዓይን ይጠራል።

ጥርስሽ የሚታይባቸውን 8 ያህል ሁኔታዎች ጻፊና ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 የፍርሃት ነጥብ ስጪ። ባለሱቁን ፈገግ ብሎ ሰላም ማለት 3፣ ቡና ላይ እጅን ጭን ላይ አድርጎ መሳቅ 5፣ የቡድን ፎቶ 7፣ ሚዜነቱ 9 ሊሆን ይችላል። ከ3 ወይም ከ4 ጀምሪ፤ በ9 የጀመረ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ይተወዋል። አስቀድመሽ የምትፈሪውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፣ ስትመለሺ የሆነውን ከጎኑ። ፍርሃቱ በግማሽ እስኪበርድ ከቦታው አትነሺ። አንዱን እርከን 4 ወይም 5 ጊዜ ሳትደጋግሚ ወደ ቀጣዩ አትለፊ።

ብዙዎች የሚሰናከሉት እጃቸውን አውርደው አፋቸውን ለመከለል ሲኒ ሲያነሡ ነው። ሶፍቱ፣ የነጠላው ጫፍ፣ ከንፈር ገጥሞ መሳቁ፣ ሁሉም ያው እጅ ናቸው።

መስታወት ተጠግተሽ ጥርስሽን አትመርምሪ። 1 ሜትር ርቀሽ ቆመሽ ከፀጉርሽ እስከ እግርሽ ያለውን ለ5 ደቂቃ በቃል ግለጪ፤ «የላይኛው ጥርሴ ከታችኛው ወጣ ይላል» ይፈቀዳል፣ «አስቀያሚ» አይፈቀድም። በሰልፊም አትፍረጂ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ የተያዘ ስልክ አፍንጫና አፍን አግዝፎ ነው የሚያሳየው።

ለዘመዶችሽ «ስሜን ጥሩኝ» በያቸው። «ለፍቅር እኮ ነው» ካሉሽ ማስረዳት ውስጥ አትግቢ፤ ያንኑ ድገሚ፣ በቅጽል ስሙ ሲጠሩሽም አቤት አትበይ።

ብሬስ በአዋቂነትም ይሠራል፤ ግን ብዙ ጊዜ ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት ስለሚወስድ ለሠርጉ አይደርስም። ማኘክ ወይም ድድሽ ካስቸገረሽ አሁኑኑ የጥርስ ሐኪም ጋር ሂጂ። ለመልክ ብቻ ከሆነ ከእርከኖቹ በኋላ ብትወስኚ ይሻላል፤ ልማዱ ካልተለቀቀ ጥርሱ ተስተካክሎም እጅሽ ወደ አፍሽ ሊሄድ ይችላል።

ሐሳቡ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ የሚይዝሽ ወይም ከሥራ የሚያስቀርሽ ከሆነ የአእምሮ ሐኪም ይይሽ፤ በንግግር ሕክምናና በመድኃኒት የሚታከም ሕመም ሊሆን ይችላል። መኖር ካስጠላሽ ደግሞ በዚያው ቀን ሂጂ።

ለጓደኛሽ እሺ በያት፤ 8 ሳምንት አለሽ። ፎቶ አንሺውን ብቻ «ጥርሴን ደብቅልኝ» እንዳትዪው።